የልጆቻችን መጽሐፍ አሳታሚ አልበርት ፎለንስ፦ የጦርነቱ ዘመን ታሪኩ እንዴት ይታይ?

ሰላም_ከዳብሊን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አየርላንድ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ይህን ስም ሳታውቁት አትቀሩም። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ የመጽሐፍ ዝርዝር ሲልክ ከየመስመሩ ጎን "ፎለንስ፣ ፎለንስ" ይላል። የልጄ የአይሪሽ ቋንቋ መልመጃ ጀርባ ላይም አለ። የድርጅት ስም ብቻ ይመስላል እንጂ የሰው ስም ነው። ሰውየው ደግሞ አይሪሽ አይደለም።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አልበርት ፎለንስ በ1916 በቤልጂየም፣ ፍላንደርስ ውስጥ ተወለደ። ጀርመን ቤልጂየምን በያዘችበት ጊዜ ከጀርመን ጎን እንዲዋጋ በተቋቋመው የፍሌሚሽ (የፍላንደርስ ሰዎች) ሌጌዎን፣ ማለትም የበጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ ገባ። በኋላ ብራሰልስ ላይ ለጀርመኖች በአስተርጓሚነት ሠራ። ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ ከጠላት ጋር ተባብረሃል ብላ ከሰሰችው። አሥር ዓመት ተፈረደበት። ጊዜውን ሳይጨርስ አመለጠና በ1948 አየርላንድ ገባ። ዳብሊን ውስጥ ፈረንሳይኛ አስተማረ። በ1950ዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። በ2003 ሲሞት ስሙ ያልገባበት የአየርላንድ ትምህርት ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ2007 መጀመሪያ የአየርላንድ ቴሌቪዥን ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ ውስጥ ስለተጠለሉ የናዚ ተባባሪዎች ዘጋቢ ፊልም አዘጋጀ። አቅራቢው ካሃል ኦሻነን ነው፤ ራሱ በጦርነቱ በእንግሊዝ አየር ኃይል ያገለገለ አይሪሽ ጋዜጠኛ። ከሚነሱት ሰዎች አንዱ ፎለንስ ነበር። ባለቤቱ ጉዳዩን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት። ክርክሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወገን ለጌስታፖ፣ ለናዚዎቹ የምሥጢር ፖሊስ፣ የሠራ ሰው ነው ይባላል። ቤተሰቡ ደግሞ ለሕዝቡና ለቋንቋው የቆመ የፍሌሚሽ ብሔርተኛ ነበር፣ ቢበዛ አስተርጓሚ እንጂ ጌስታፖ አልነበረም ይላሉ።

እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ? እኔን የከነከነኝ "አስተርጓሚ ብቻ" የሚለው ነው።

ሸገር_ልጅ

ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? አገሩ ተወርራ ከወራሪው ደሞዝ የበላ ሰው በኛ ቤት ስሙ የታወቀ ነው። ባንዳ። ቀጣይ ርዕስ።

ጥቁር_ሰሌዳ

ልጄ፣ ቀስ በል። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሠኝ።

ፍላንደርስ የደች ቋንቋ የሚነገርበት የቤልጂየም ሰሜን ነው። ሕዝቡ በቁጥር ይበልጣል። ነገር ግን ቤልጂየም በ1830 ስትመሠረት መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጦሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ፈረንሳይኛ ነበር። የፍላንደርስ ገበሬ በማያውቀው ቋንቋ ይከሰስ ነበር። የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ ደች የሆነው በ1930 ነው። አስተውሉ፣ ፎለንስ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ያደገው እንዲህ ያለ ቂም በሚወራበት ቤትና ቤተ ክርስቲያን መካከል ነው።

በዚያ ላይ ቀሳውስቱ አሉ። ሲሪል ፈርሻፈ የሚባል ቄስና ገጣሚ ነበር። ወጣቱን "በኮሚኒዝም ላይ የመስቀል ጦርነት ነው፣ ዝመቱ" ይል ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እሱ ራሱ ወደ ኦስትሪያ ሸሽቶ እዚያው ሞተ። የሰማው ወጣት ግን በሩሲያ በረዶ ውስጥ ቀረ።

በ25 ዓመቱ የተሳሳተን ሰው ለሚቀጥሉት 60 ዓመታት በዚያ ብቻ መመዘን ከባድ ነው። እኛም አገር በ1941 ጃንሆይ ሲመለሱ ለጣሊያን ያደረውን ሁሉ ልቅጣ አላሉም። ብዙዎቹ ሹመታቸውን ይዘው ቀጠሉ።

የሉዊዝ_ጎዳና

ጋሼ ሰላም ነዎት? ብራሰልስ ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ከዚህ በኩል ያለውን ልጨምር።

የቋንቋው በደል እውነት ነው፤ የሚክድ የለም። ሌጌዎኑ ግን በቋንቋ ጉዳይ የተቋቋመ አይደለም። ጀርመን ሶቭየት ኅብረትን በሰኔ 1941 ከወረረች በኋላ በሳምንታት ውስጥ ነው የተመሠረተው። ቪኤንቪ የሚባለው የፍሌሚሽ ብሔርተኞች ፓርቲ፣ በመሪው በስታፍ ደ ክለርክ በኩል፣ ወጣቶችን መለመለ። "በራሳችሁ መኮንኖች ሥር፣ በራሳችሁ ቋንቋ ትዋጋላችሁ" ተባሉ። ሥልጠና ሲገቡ የጠበቃቸው የጀርመን አሠልጣኝ ስድብና ዱላ ነው። ደ ክለርክ ራሱ ለጀርመኖቹ አቤቱታ እስከማቅረብ ደርሷል። መሐላውም ለፍላንደርስ አልነበረም፣ ለሂትለር ነው። ዩኒፎርሙ የኤስ ኤስ፣ ማለትም የናዚ ፓርቲ የራሱ ጦር ነው። በኅዳር 1941 ሌኒንግራድ ግንባር ደረሱ፤ ያቺ በረሃብ የተከበበች ከተማ ማለት ነው። ከፓርቲው ዋና ሰዎች አንዱ የነበረው ሬይሞንድ ቶለናረ በጥር 1942 እዚያ ሞተ። በ1943 ሌጌዎኑ ፈርሶ የኤስ ኤስ ብርጌድ ሆነ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ለኛ ሰው ደስ ስለሚል። ሌጌዎኑ በተመሠረተበት በዚያው በሐምሌ 1941 መጀመሪያ፣ ከኮንጎ የመጣ የቤልጂየም ጦር ወለጋ ውስጥ ሰዩ ላይ፣ ማለትም ደምቢ ዶሎ፣ ጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን እጁን አሰጥቶ ነበር። ማራኪው ጄኔራል ዢልያር ነው፤ ወታደሮቹ ኮንጎዎች ናቸው። አንድ መንግሥት፣ አንድ ወር። አንዱ ዜጋ ለሂትለር ሲምል ሌላው ኢትዮጵያ ውስጥ ፋሺስትን ይማርካል። ስለዚህ "ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ምርጫ አልነበረም" የሚለውን አልቀበልም።

አሁን ወደ ሰላም ጥያቄ። ብራሰልስ ውስጥ የጀርመን የጸጥታ ፖሊስ (ጌስታፖ የእሱ አካል ነው) ዋና ቢሮ አቬኑ ሉዊዝ ላይ ነበር። ዛሬም ሕንፃዎቹ ቆመዋል። ቁጥር 453 ፎቅ ያለው አፓርታማ ነው፤ ሰው ይኖርበታል። ደጃፉ ላይ የአንድ አብራሪ ሐውልት አለ፣ ዣን ደ ሴሊ ሎንግሻም። ቤልጂየማዊ ነው፤ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ይበር ነበር። በጥር 1943 ያለ ትእዛዝ ብቻውን ዝቅ ብሎ መጥቶ ሕንፃውን በጥይት ደበደበው። አለቆቹ ትእዛዝ ጥሰሃል ብለው ማዕረጉን ቀነሱ፣ ደግሞም ሸለሙት። እንግሊዞች ናቸዋ። የቢሮዎቹ ምድር ቤት ግን የተለየ ነው። እዚያ የታሰሩ ሰዎች ግድግዳው ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጭረው ጽፈዋል። ጽሑፎቹ እስካሁን አሉ፤ በቅርስነት ተመዝግበዋል።

አስተርጓሚ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ቤት ነው። መርማሪው ጀርመንኛ ይናገራል። ተመርማሪው ደች ወይም ፈረንሳይኛ። በመሃል አንድ ሰው መቆም አለበት።

ጥቁር_ሰሌዳ

ፎለንስ በምርመራ ላይ ቆመ የሚል ማስረጃ አለህ?

የሉዊዝ_ጎዳና

የለኝም፣ አላልኩምም ጋሼ። ያልኩት "አስተርጓሚ" ሲባል ጥያቄው ያልቃል ማለት አይደለም፣ ይጀምራል ነው። ጋዜጣ ነው የሚተረጉመው? ደብዳቤ? የጥቆማ ወረቀት? ሰውን ሰው ለጀርመን በስም የጠቆመበት ደብዳቤ በየቀኑ ይገባ ነበር፤ ያንንም የሚተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ወይስ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በ1942 እና በ1944 መካከል ከሜኸለን ከተማ፣ ከዶሲን የጦር ሠፈር፣ ከ25,000 በላይ አይሁዶችና ሮማዎች (ጂፕሲ የሚባሉት) በባቡር ወደ አውሽቪትስ የሞት ሠፈር ተጭነዋል። የተመለሱት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ያንን ሥራ ይመራ የነበረው ይኸው የጸጥታ ፖሊስ ነው። ለጸጥታ ፖሊስ የተረጎመ ሰው የት ክፍል እንደተቀመጠ ሳይታወቅ "ብቻ" የምትለዋን ቃል መጨመር አይቻልም። "ገዳይ ነው" ማለትም አይቻልም።

የቀለም_ቀንድ

የሉዊዝ_ጎዳና ጥሩ አስቀምጦታል። እኔ ወደ ፍርዱ ልሂድ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው።

የፎለንስ ደጋፊዎች ሁሌም የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። "ከጦርነቱ በኋላ የነበረው ቅጣት ፍትሕ ሳይሆን በፍሌሚሽ ሕዝብ ላይ የተወሰደ በቀል ነው" ይላሉ። ፍላንደርስ ውስጥ ይህ ትርክት ሥር የሰደደ ነው። ጨርሶ ከባዶ የመጣም አይደለም። በመጋቢት 1946 ዲክስሙይደ የሚገኘውን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የፍሌሚሽ ወታደሮች መታሰቢያ ግንብ በፈንጂ አፈረሱት፤ ማን እንዳደረገው በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ኦገስት ቦርምስን ረሸኑት። ሽማግሌና አካለ ጎደሎ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ከጀርመን ጋር ተባብሮ ሞት ተፈርዶበት የተረፈ ሰው ነው። ለብዙ ፍሌሚሾች ሰማዕት ሆኖ ቀረ።

ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። ከ400,000 በላይ መዝገብ ተከፈተ። ለፍርድ የቀረቡት 57,000 ገደማ ናቸው። የተረሸኑት 242። የሉቨን ዩኒቨርሲቲው ሉክ ሃውሰ ከሥራ ባልደረባው ጋር መዝገቦቹን ሲያጠና ፍርዱ ፍሌሚሽን ለይቶ የመታ ሆኖ አላገኘውም። ለጀርመን ያደረው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መሪ የሊዮን ደግሬል ተከታይም እንደዚያው ተቀጥቷል። እንዲያውም ወሳኙ ሰውየው የተዳኘበት ጊዜ ነበር። ደሙ ትኩስ በነበረበት በ1944 እና በ1945 የተዳኘው ክፉኛ ተመታ። ቆይቶ የተዳኘው ቀለል አለለት።

ስለዚህ አሥር ዓመትን እንዴት እናንብብ? በዚያ ሚዛን የሞት ፍርድ አይደለም፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ካገኙት ቀላል ቅጣት ግን ይከብዳል። መካከለኛ ነው። ሰው ገድሏል ብለው አላመኑም ማለት ይመስለኛል። ዝም ብሎ ስሙ የገባ ሰው ነው ብለውም አላመኑም።

እና ጋሼ፣ በአክብሮት፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት "የፈረንሳይኛ ትእዛዝ ስላልገባቸው የሞቱ የፍሌሚሽ ወታደሮች" የሚለውን ታሪክ ባያነሱትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይመጣል። መኮንኖቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበሩ፣ ይህ ሐቅ ነው። በትእዛዝ አለመግባባት በገፍ ሞቱ የሚለውን ግን የታሪክ ሰዎች የተጋነነ ነው ይላሉ። ቂም እውነተኛ ሆኖም ተረት ይጨመርበታል።

ጥቁር_ሰሌዳ

ይህን ተቀብያለሁ። እንዲህ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል፣ ልጆቼ። የሰላምን ጥያቄ ግን ገና አልነካነውም ብዬ እፈራለሁ፤ ሰውየው ከ1948 እስከ 2003 የኖረውስ ሕይወት?

ብራና

ኮርክ ነኝ። የአየርላንዱን በኩል እኔ ልውሰደው፣ ምክንያቱም ሰዉ የሚረሳው ይህን ነው። ፎለንስ ወደ አየርላንድ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም።

አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች። ሂትለር መሞቱ ሲሰማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደ ቫሌራ ዳብሊን ወደሚገኘው የጀርመን ተወካይ ሄደው ሐዘናቸውን ገለጹ፤ ግንቦት 2 ቀን 1945። ፕሮቶኮል ነው አሉ። ዓለም ጉድ አለ። አገሪቱ ካቶሊክ ናት፣ ኮሚኒዝምን እንደ ጋኔን ትፈራለች። በትልቅ ጎረቤት ቋንቋዋ የተዋጠባት ትንሽ አገር ናት። አንድ ካቶሊክ ፍሌሚሽ "ለቋንቋዬ ታግዬ ተሰደድኩ" ብሎ ሲመጣ በሩ አይዘጋበትም። እንግሊዝን የሚጠላ ሁሉ ወዳጅ የነበረበት ዘመን ነው።

እንደ እሱ የመጡትን እዩ። ከብሪታኒ፣ ማለትም ከፈረንሳይ ምዕራብ፣ ያን ጉለ መጣ። ፈረንሳይ በሌለበት ሞት የፈረደችበት የብሬቶን ብሔርተኛ ነው። እዚህ ታዋቂ ቀራፂ ሆነ። ኬሪ ውስጥ ባሊሲዲ ላይ ያለው የአይሪሽ ታጋዮች ሐውልት የእሱ ሥራ ነው፤ አሁንም ቱሪስት ፎቶ ይነሣበታል። ሌላው ብሬቶን ሉዊ ፈትረን በኤስ ኤስ ሥር በተደራጀ የብሬቶን ቡድን ያገለገለ ነው። አየርላንድ መጥቶ ምን ሆነ? የፈረንሳይኛ አስተማሪ። እንደ ፎለንስ። ሲሞት 300,000 ፓውንድ ገደማ ለዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተናዘዘ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲቀበል ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። አንድሪያ አርቱኮቪች የክሮኤሺያ ፋሺስት መንግሥት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ደም ያለበት። እሱም በ1947 እና 1948 በሌላ ስም ዳብሊን ተቀምጦ ወደ አሜሪካ አለፈ። ሙሶሊኒን ከታሰረበት ተራራ ያወጣው ኦቶ ስኮርዜኒ ኪልዴር ውስጥ የእርሻ ርስት ገዛ። ሌላ ፍሌሚሽ ነጋዴ፣ አልበርት ሉይክስ፣ በ1970 በታወቀው የጦር መሣሪያ ማስገባት ክስ ከአንድ የቀድሞ ሚኒስትር ጋር ተከስሶ ነጻ ተባለ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ማጨቅ ግን ልክ አይደለም። አርቱኮቪች እና ፎለንስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ያ ፊልም ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተተ።

ሌላኛውን ወገን ደግሞ እዩ። በዚያው ዘመን አየርላንድ የተቀበለቻቸው የአይሁድ ስደተኞች እጅግ ጥቂት ናቸው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በሩን ጠርቅሞ ነው የያዘው። በ2003 የፍትሕ ሚኒስትሩ ማይክል ማክዶዌል በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከአውሽቪትስ የሚሸሽ ሰው ቪዛ ሲከለከል፣ ከቤልጂየም እስር ቤት ያመለጠው በሩን ክፍት አገኘው። እኔን የሚያበሳጨኝ ከፎለንስ ይልቅ ይህ ነው።

ሰላም_ከዳብሊን

ብራና፣ ተባረክ። ይህን አላየሁትም ነበር። እኛም ስደተኛ ሆነን የመጣን ሰዎች ነን፤ ስንት ጥያቄ እንደተጠየቅን እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ልጠይቅ። መጽሐፎቹ ላይ ያለፈ አመለካከቱ ይታያል?

ጥቁር_ሰሌዳ

ይህ የእኔ ሰፈር ነው፣ ልመልስ።

የመማሪያ መጽሐፍ የአንድ ሰው ድምፅ አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱን መንግሥት ያወጣል፣ አስተማሪ ይጽፋል፣ አሳታሚው ገንዘብና ወረቀት ያቀርባል። የፎለንስ ብልሃት ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጊዜውን አየው። ዶኖ ኦማሊ የሚባሉት የትምህርት ሚኒስትር በመስከረም 1966 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነጻ ይሆናል ብለው ድንገት አወጁ፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩ እንኳ በቅጡ አልተማከረም ይባላል። በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። እስከዚያ ድረስ የድሃ ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ወደ ሥራ ነበር የሚሄደው። ክፍሉ በአንዴ ሞላ። መጽሐፍ ግን የለም፣ ያለውም አርጅቷል። ፎለንስ ቀድሞ ገበያው ውስጥ ስለነበር ማዕበሉ ይዞት ወጣ። ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ስለነበረ ተማሪ ምን እንደሚከብደው ያውቃል። ቀለል ያለ፣ ሥዕል ያለው፣ መልመጃ የበዛበት መጽሐፍ ሠራ። በአይሪሽ ቋንቋም አሳተመ። ቋንቋው የተናቀበት ሰው የሌላውን የተናቀ ቋንቋ ሲያትም ስታዩ አንድ ነገር ይሰማችኋል፣ አይደለም?

ስለዚህ መልሴ፦ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ናዚ ፍለጋ አትድከሙ።

ሸገር_ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ባንዳ የሚለውን ለጊዜው አነሳሁ። ግን ፍላንደርስ ሆኖ ለፍሌሚሽ ቋንቋ ያልቆመው አየርላንድ ሄዶ ለአይሪሽ ቆመ ልትሉኝ ነው? ነጋዴ ነው ሰውየው! መጽሐፉ ስለሚሸጥ ነው ያተመው 😄

ጥቁር_ሰሌዳ

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ አንተ ልጅ።

የቀለም_ቀንድ

ጋሼ በመጽሐፎቹ ጉዳይ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ጥሩ መጽሐፍ ማሳተሙ ብራሰልስ ላይ ስላደረገው ነገር ምንም አይነግረንም። ወደ ኋላ ሄዶ አያጸዳውም። ብራሰልስ ያደረገውም መጽሐፉን አያቆሽሸውም። ሁለት መዝገብ ነው። ቤተሰቡም ፊልም ሠሪዎቹም ሁለቱን ያደባለቁት ይመስለኛል። አንዱ ወገን "እንዲህ ያለ ደግ አሳታሚ እንዴት..." ይላል። ሌላው "ልጆቻችንን ያስተማረው ናዚ ነበር!" ብሎ ያስደነግጣል።

የሚያሳዝነው በሕይወት እያለ በቂ አለመጠየቁ ነው። ሃምሳ ዓመት በላይ ዳብሊን ኖሯል። ትምህርት ሚኒስቴር ያውቀዋል፣ ቀሳውስቱ ያውቁታል፣ አስተማሪዎቹ ያውቁታል። የአየርላንድ ዝምታም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ጥያቄው ሲነሣ መልስ የሚሰጡት ሚስትና ልጆች ሆኑ። ይህ ለእነሱም ፍትሕ አይደለም።

አወያይ

ውይይቱ መልካም ነው፣ ቀጥሉ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ዛሬ በድርጅቱ የሚሠሩ ሰዎችና የሟቹ ቤተሰብ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኙም። ስማቸውን ያነሣ አንድ አስተያየት አጥፍቻለሁ። ስለ ሟቹ በሰነድ የታወቀውን ተነጋገሩ።

ብራና

ትክክል ነው አወያይ።

አንድ ሰው ላንሣና ልተው፣ አየርላንድ በኋላ መለወጧን ስለሚያሳይ። ፒተር ሜንተን የሚባል ሆላንዳዊ የሥዕል ነጋዴ ነበር፤ ሀብታም። ዋተርፎርድ ውስጥ ትልቅ ቤት ገዝቶ ይኖር ነበር። በ1970ዎቹ አንድ ጋዜጠኛ ታሪኩን ቆፈረና በ1941 ዛሬ ዩክሬን በሆነው አካባቢ አይሁዶችን በመግደል ተሳትፏል ተባለ። ሆላንድ ውስጥ ተፈርዶበት ታሰረ። ሲፈታ ወደ ዋተርፎርድ ቤቱ ሊመለስ ፈለገ። የአየርላንድ መንግሥት "አትገባም" አለው። ያ 1985 ነው። ፎለንስ በዚያን ጊዜ በዚያው አገር የተከበረ አሳታሚ ነው። የሜንተን ነገር ጋዜጣውን ሲያጥለቀልቀው ምን አስቦ ይሆን?

የሉዊዝ_ጎዳና

ቤልጂየም ውስጥም ይህ ነገር አልሞተም። በ2019 የቤልጂየም ፓርላማ ጀርመን ለቀድሞ ተባባሪዎች የምትከፍለው ጡረታ ይቁም ብሎ ጠየቀ። የቀሩት ተቀባዮች ጥቂት አዛውንቶች ናቸው፤ ክርክሩ ግን ሳምንታት ፈጀ። በ2022 ደግሞ የፍሌሚሽ ፓርላማ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር በወጣ ልዩ የመጽሔት እትም ላይ ቦርምስና ስታፍ ደ ክለርክ ለቋንቋው ነጻነት ከደከሙት ተርታ ተቆጥረው አገር ተናወጠ። አስቡት፣ ለሂትለር ሌጌዎን ወጣት የመለመለው ደ ክለርክ ማለት ነው። ቅድም የቀለም_ቀንድ ስለ ሰማዕትነት ያለው ይኸው ነው።

ደስ የሚለው ነገርም አለ። ልጆቻቸው መናገር ጀምረዋል። በ2017 የፍሌሚሽ ቴሌቪዥን የተባባሪዎችን ልጆች በተከታታይ አቅርቦ ነበር። አረጋውያን ናቸው። አባታቸውን ይወዱታል፣ ያደረገውን ደግሞ አይክዱም። አንዳንዱ ይከራከራል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። እንዲያ ያለ ነገር ከሃያ ዓመት በፊት አይታሰብም ነበር።

ሰላም_ከዳብሊን

እና የፎለንስ መዝገብ የት ነው ያለው? ሊነበብ ይችላል?

የሉዊዝ_ጎዳና

የወታደራዊ ፍርድ ቤቶቹ መዝገቦች አሁን ወደ ቤልጂየም መንግሥት መዝገብ ቤት ተዛውረዋል። ድሮ ለማየት የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ለተመራማሪም ለዘመድም ቀለል ብሏል። እንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት የምርመራ ቃል፣ የምስክሮች ቃል፣ ከጀርመን ቢሮ የተያዙ ወረቀቶች፣ አንዳንዴ የደሞዝ ሰነድ፣ ከዚያ ውሳኔው ናቸው። ደሞዝ የከፈለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከታየ የጌስታፖው ክርክር ግማሹ ያልቃል። ምስክሮቹ "ሲመረምሩኝ እሱ ነበር የሚያስተረጉመው" ብለው ከሆነ ሌላው ግማሽ ያልቃል። እንዲያ ያለ ምስክር ከሌለም ያው መልስ ነው፤ ለቤተሰቡ ማለት ነው።

የቀለም_ቀንድ

ጥንቃቄ ግን። በ1945 የሚመሰክር ሰው ቂም አለበት፣ ፍርሃት አለበት፣ የራሱን ጥፋት መሸፈን ይፈልጋል። ተከሳሹም አስተርጓሚ ነበርኩ ማለቱ አይገርምም፤ በዚያ ዘመን የተያዘ ሁሉ አስተርጓሚ፣ ምግብ አብሳይ ወይም ሹፌር ነበርኩ ይል ነበር። ከሁሉ የሚታመነው ክሱ ሳይመጣ የተጻፈው የጀርመኖቹ ወረቀት ነው።

ሸገር_ልጅ

ታዲያ አንዳችሁ ሄዳችሁ አታነቡትም? ብራሰልስ ተቀምጠህ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ?

የሉዊዝ_ጎዳና

የማመልከቻ ፎርሙን አውርጃለሁ። የሰውየው ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ይጠይቃል፣ እሱ አይቸግርም። ችግሩ የኔ ደች ገበያ ላይ ቲማቲም ለመግዛት የሚበቃ እንጂ የ1946 የፍርድ ቤት የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ አይደለም። አንትወርፕ ወይም ጌንት ያላችሁ፣ ደች በደንብ የምታነቡ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሁለት ሰው ብንሆን ይሻላል።

ጥቁር_ሰሌዳ

እኔ በወጣትነቴ ጀርመንኛ ተምሬአለሁ። የጀርመኖቹን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ እሞክራለሁ። በታይፕ የተጻፈ ከሆነ ብቻ ግን፤ የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ለዓይኔ አይሆንም።